ሦስት ሰዓት የቀደመው የፓይለት ሰዓት

በዕድሜዬ የሰበሰብኩት ነገር ጥቂት ነው። ገንዘብ አልሰበሰብኩም፤ ወዳጅም አላበዛሁም። የሰበሰብኩት የፓይለት ሰዓት ነው፣ እነሱንም ስማቸውን ማንም የማያውቀውን። ክሮኖግራፍ ይባላሉ፤ ፊታቸው ላይ ትንንሽ ክቦች ያሉባቸው፣ በጎናቸው ሁለት ቁልፍ ያላቸው ናቸው። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ቀጭኗ ዘንግ ተነሥታ ሰከንድ ትቆጥራለች፣ ሌላውን ሲጫኑት ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ለምን ስመ ጥሮቹን እንደማልፈልግ የሚጠይቁኝ ነበሩ። ስመ ጥሩን ሁሉም ያስመስለዋል፤ ስም የለሹን ግን ማን ደክሞ ያስመስለዋል? መርካቶ ውስጥ የሰዓት ፊት ቀብተው የትልቅ ፋብሪካ ስም የሚጽፉ እጀ ብልሆች ሞልተው ነበር። እኔ የምፈልጋቸውን ሰዓቶች ግን አይረቡም ብለው አይነኳቸውም። ስለዚህ የማምነው የማይታወቀውን ብቻ ነበር።

ጠርጣራ ሰው ነኝ። ጠባዬ ይሁን ሥራዬ ያመጣብኝ እንጃ። በደርግ ጊዜ ንፋስ ስልክ አካባቢ በነበረ አንድ ፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ሠራተኛው ሲገባ ካርዱን አያለሁ። አርፍዶ መጥቶ "ልጄ ታሞብኝ ነው" የሚለኝን ዐይኑን አይቼ እውነቱን ከውሸቱ እለያለሁ፣ ወይም የምለይ ይመስለኝ ነበር። ውሸት ስይዝ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ እዚያው ፊት ለፊት ነው የማፈርጠው። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" የሚለውን ሌላው ለጨዋታ ይለዋል። እኔ እኖርበት ነበር።

ሰዓቶቼን የሚያድስልኝ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ ላፍቶ መንገድ ዳር በቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ማጉያ መነጽራቸውን አንድ ዐይናቸው ላይ ሰክተው የሚውሉ። ሰው ሁሉ ጓድ በነበረበት በዚያ ዘመን እኔን "ጓድ ደቂቃ" ይሉኝ ነበር። ለየት ያለ ሰዓት ሲያገኙ ለእኔ ያስቀምጡልኛል፤ አራቱን ሰዓቶቼን ያገኘሁት በእሳቸው በኩል ነው። ወደድኳቸው እንጂ አመንኳቸው ማለት ግን አልችልም። የቀበሌ ሰዎች ኪዮስኩ ደጃፍ ቆመው ሲያወሯቸው ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ምን ፈልገው ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሰዓት ስንት ነው ብለውኝ ነው ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

የግንቦቱ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ወራት አልፈው ነበር። እጃቸው አለበት የተባሉ መኮንኖች፣ የአየር ኃይል ሰዎችም ጭምር፣ ገና ይታደኑ ነበር። የፓይለት ሰዓት እጅ ላይ አስሮ ውይይት ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ራሱ "ከየት አመጣኸው" ያስብላል። አራቱን ሰዓቶቼን በካልሲ ጠቅልዬ ከበርበሬው ቆርቆሮ ጀርባ ደብቄያቸው ነበር። ሰዓት ሠሪው ሹክ ያሉኝ እንግዲህ በዚያን ሰሞን ነው። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንዲት ሴት አለች አሉኝ፤ ሰዓት የሚገዛ ያውቃሉ ወይ ብላ መጥታ ጠይቃኛለች፣ ሰዓቱን ግን ይዛ አልመጣችም። ጥቁር ፊት፣ ዙሪያውን የሚዞር ቀለበት ያለው ነው ብላለች። እኔ ያን ዓይነቱን ለዓመታት ስፈልግ እንደኖርኩ ያውቃሉ። ታዲያ ለምን እርስዎ አይገዙትም አልኳቸው።

"አርጅቻለሁ፤ ግን መኖር እፈልጋለሁ" አሉኝ።

ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። ወጥመድ ቢሆንስ? ሽማግሌውን ቀበሌ ልኳቸው ቢሆንስ? ሴትየዋ ራሷ የደኅንነት ሰው ብትሆንስ? ግን ያ የሚዞር ቀለበት ከዐይኔ አልጠፋ አለ። የሰብሳቢ ጉጉት ከባድ በሽታ ነው፤ ጥርጣሬን የሚያህል ነገር እንኳ ያሸንፋል። አንድ እሁድ ጠዋት የቀበሌውን ስብሰባ ለቅሶ አለብኝ ብዬ ቀረሁና፣ የሚከተለኝ ሰው እንዳለ ለማየት በመካኒሳ በኩል ዞሬ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብዬ የታሰረውን የጫማዬን ክር እንደገና አሰርኩ። ማንም አልነበረም።

በሩን የከፈቱልኝ አንድ አዛውንት ዘበኛ ናቸው። ሴትየዋ ሠላሳ አምስት ዓመት ግድም የሚሆናት፣ ሻሽ ያሠረች፣ ጨዋ ሰው ነበረች። ቤት አላስገባችኝም፤ በረንዳ ላይ ወንበር ሰጠችኝ። ያን የመሰለ ፀሐይ ወጥቶ የቤቱ መጋረጃ ሁሉ ተዘግቷል። ቀበሌዬ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደምሠራ፣ ሰዓቱን ለምን እንደምፈልገው አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። መለስኩላት፣ ግን እንደ ክስ ቃል አጠር አጠር አድርጌ። እሷ እኔን ትመዝናለች፣ እኔ እሷን እመዝናለሁ። በመጨረሻ ገብታ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። የሟች አጎቷ እንደሆነ፣ ከሞተ ሁለት ዓመት እንደሆነው፣ ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ ከሣጥን ወጥቶ እንደማያውቅ ነገረችኝ።

መሐረቡን ፈታሁት። ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ፋብሪካ ነው። ቁጥሮቹ በጨለማ የሚያበሩ፣ ቀለበቱ ቀጥ ቀጥ እያለ የሚዞር። ወደ ጆሮዬ ባስጠጋው ይሄዳል። የእጅ ሰዓት አንዴ ከተሞላ አንድ ቀን ተኩል ቢሄድ ነው፤ ሁለት ዓመት ሣጥን ውስጥ የኖረ ሰዓት አይሄድም። የቆዳ ማሰሪያውን ገልበጥ ሳደርገው በላብ ርሷል። የፋብሪካ በሩ አመሌ ተነሣብኝና ሳላስበው አፈረጥኩት።

"ይሄ ሰዓት ዛሬ ጠዋት ተሞልቷል፤ ሰውም እጅ ላይ ነበር" አልኩ።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። መሄዱን እንዲያዩ ብዬ እኔው ሞልቼው ነው፣ እኔው አስሬው ነው አለችኝ። የሚያሳምን መልስ ነው። እሺ ብዬ ደቂቃውን ለማመሳከር የራሴን ሰዓት አየሁ። የእኔ አራት ሰዓት ከአሥር ይላል። የእሷ ሰባት ሰዓት ከአሥር። ደቂቃው ልክ፣ ሰከንዱም ልክ፣ በሦስት ሰዓት ብቻ የቀደመ።

በፈረንጅ አቆጣጠር ተሞልቶ ቢሆን አሥር ሰዓት ከአሥር ይል ነበር፤ ስድስት ሰዓት ነው የሚለየን። ሦስት ሰዓት የሚለየን ከአንድ አቆጣጠር ጋር ብቻ ነው፣ ከግሪንዊች፣ ከለንደኑ ሰዓት ጋር። ይህን የማውቀው የፋብሪካውን ሰዓት የማስተካክለው ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከለንደን ሬዲዮ ስለነበር ነው። ፓይለት ደግሞ የትም አገር ቢበር ሰዓቱን የሚያስተካክለው በግሪንዊች ነው። ሰዓቱን የሞላችው እሷ አልነበረችም። ከዚያ ከተዘጋው መጋረጃ ጀርባ አንድ ፓይለት አለ፤ እስከዚህች ጠዋት ድረስ ሰዓቱን ከእጁ መፍታት ያቃተው ሰው።

ፈራሁ። እውነት ከሆነ፣ አውቆ ያልተናገረ ሰው ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ። ወጥመድ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ የሚያዩኝ አሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዐይኔ ከአንዱ ሰዓት ወደ ሌላው ሲመላለስ ሴትየዋ እያየችኝ ነበር። ማወቄን አወቀች። ሰው መኖሩን እንደማልናገር የሚያሳምናት አንድ ቃል መፈለግ ጀመርኩ፤ እንዲህ ያለ ቃል ያን ጊዜ አልነበረም። "አይዞዎት፣ አልናገርም" የሚል ሰው ሊናገር የሚችል ሰው ነው። ስለዚህ መሙያውን ሳብ አደረግኩና ዘንጎቹን አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ መለስኳቸው።

"ሌላ ሰው ቢያየው በእኛ ሰዓት ይሻላል" አልኳት።

ከዚያ ዋጋ ጠራች፤ ከባድ ዋጋ ነው፣ ከደመወዜ የሚያልፍ። ለማምለጫው መንገድ እንደሚሆን ገባኝ። ካጠራቀምኩት ላይ ይዤ የመጣሁትን አውጥቼ፣ አንድም ቃል ሳልከራከር ሰጠኋት። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኪዮስኩ ሄድኩ። ሽማግሌው ሰዓቱን አገላብጠው አዩና ጥሩ ዕቃ ነው አሉኝ። ከዚያ ማጉያቸውን ሳያወልቁ "ብቻዋን ናት?" ብለው ጠየቁኝ። ለምን እንደጠየቁ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እንዲሁ የሰው ወሬ ይሆናል፤ ሌላም ይሆናል። በረንዳ ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ አላየሁም አልኳቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አላስችል ብሎኝ በዚያ በር በኩል አለፍኩ። በሩ የቀበሌ ወረቀት ተለጥፎበት ታሽጓል። ቆሜ እንኳ አላየሁም፣ እርምጃዬን ሳልቀንስ አለፍኩ። ተያዙ አልኩ በልቤ። ያቺን "ተሞልቷል" ያልኳትን ቃል ለሁለት ዓመት በየሌሊቱ መልሼ ዋጥኳት። ወደ ኪዮስኩ መሄድ አበዛሁ፤ ሽማግሌውን ፊት ለፊት እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ እሄድና ስለ አየሩ አውርተን እመለሳለሁ። እንዲህ እያልን ሳለ እሳቸው ታመው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከልቤ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩም ጠረጠርኳቸው።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ አንድ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ያቺ ሴት መጣች። ሥራ ቦታዬን ያወቀችው ያን ዕለት ራሴ ስለነገርኳት ነው። ከደስታዬ ብዛት እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አሉ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልጨበጠችኝም። ያን ዕለት "እርስዎ" ትለኝ ነበር፤ አሁን "አንተ" አለችኝ።

ቤት ውስጥ የነበረው ወንድሟ ነው። እኔ እንደወጣሁ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆዩም፤ በሀና ማርያም በኩል በከሰል ጫኝ መኪና ወጥተው ወደ ገጠር ሄዱ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ቤቱ ተከበበ። ወንድሟ ተርፎ ድንበር አልፏል። ቤቷን ቀበሌ ወርሶ ለሌላ ሰጠው። በር የከፈቱልኝን አዛውንት ወስደው ስድስት ወር አሰሯቸው፤ ሲወጡ አንድ ጆሯቸው አይሰማም ነበር።

"ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሰው ይዣችኋለሁ ማለትህ እንደሆነ ገባኝ" አለችኝ። "ዋጋ ሳትከራከር ስትከፍል ደግሞ ጨርሼ አመንኩ። በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ይከራከራል፤ የማይከራከር የመንግሥት ብር የያዘ ነው። አንተን ፈርተን ወጣን፣ ተረፍን። ወንድሜ ይቅር ብሎሃል። እኔ ግን አልቻልኩም፤ ለምን እንዳደረግከው ከአፍህ ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት።"

እኔ አይደለሁም አልኳት። እንደዚያ እንደምትል አውቅ ነበር አለችኝ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ። በዚያ በር ላይ ስንት ሰው እውነቱን ነግሮኝ እንዲሁ ሳላምነው እንደቀረሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አፈርኩ። አንድ መንገድ ብቻ ነበረኝ፤ ስለ ሰዓት ሠሪው መንገር። መጀመሪያ ያናገረችው እሳቸውን ነው፣ "ብቻዋን ናት?" ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ብነግራት ታምነኝ ይሆናል፣ ስሜም ይነጻ ነበር። ግን ምን አውቃለሁ? ምንም። በእጄ ያለው ጥርጣሬ ብቻ ነው፣ ሰውየው ደግሞ መቃብር ውስጥ ናቸው፤ መልስ መስጠት አይችሉም። ዕድሜ ልኬን ሰው ስጠረጥር ኖሬ፣ ያን አንዱን ጥርጣሬ ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

አፌን ባልከፍት ኖሮ፣ ይሄ ሰዓት ተሞልቷል ባልል ኖሮ፣ አዛውንቱን ዘበኛ አስቀድመው አሰናብተው በጊዜያቸው ይወጡ ነበር ይሆናል። ያ ጥፋት የእኔ ነው፤ ከማንም ጋር አልካፈለውም።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኳት።

ለየቱ እንደሆነ አልነገርኳትም። እሷ ግን የምትፈልገውን የሰማች መሰላት። ከመጣች ጀምሮ ገትራው የነበረው ትከሻዋ ወረደ፣ ነጠላዋን ወደ ዐይኖቿ ወሰደች፣ ረጅም ጊዜም አለቀሰች። ሠራተኛው እያየን ያልፍ ነበር። በመጨረሻ "እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ" ብላኝ ወደ ታክሲው ሄደች። ተመልሳም አልመጣች። በዚያ ቤተሰብ ዘንድ እስከ ዛሬ ጆሮ ጠቢው እኔ ነኝ።