የግንቦት ቤንዚን

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሰላል ተሸክሞ ደጃፌ መጣ። መተማ ዮሐንስ በግንቦት እንዴት እንደምትሆን የቀመሳት ያውቃታል፤ የበሩ ቆርቆሮ በእጅ አይነካም። "እትዬ፣ ይችን ብልቃጥ እዚህ ምሰሶ ላይ ልስቀላት?" አለኝ። የጣት ያህል ናት። ምን ታደርግልሃለች ስለው፣ በእሷ የከተማውን አየር እንደሚለኩ ነገረኝ፤ ከነዳጅ የሚወጣው ትነት በበጋና በክረምት ምን ያህል እንደሚለያይ ሊያወዳድሩ ነው። "በሙቀቱ ጊዜ ሳይብስ አይቀርም ብለን እንገምታለን" አለ። ይገምታሉ! ስቀል አልኩትና ገብቼ ቁጭ አልኩ።

እህቴ ስንዱ የተዳረችው እዚሁ መተማ ነበር። እኔ ያኔ ሸሕዲ ከአባባ ጋር የምኖር ኮረዳ ነኝ፤ ስትፀንስ ላግዛት መጣሁ። ባሏ ሙላት የመንገድ ዳር ቤንዚን ቸርቻሪ ነበር፤ ከሱዳን በጀሪካን የገባውን ለሚኒባሱም ለሞተሩም ይቀዳል። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሐሰት አልናገርም፤ ስንዱን ይወዳታል። ግን የቆላ ፀሐይ ቤንዚን ትጠጣለች። ክረምት ጀሪካኑ ውጭ ዳሱ ሥር ይውላል፤ ከመጋቢት ጀምሮ ግን "ፀሐይ ጠጣችብኝ" እያለ ወደ ቤት ያስገባዋል። የቤቱ ቀዝቃዛ ቦታ ደግሞ ጓዳው ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮት የለውም። ስንዱም የምትተኛው እዚያው ነበር። በሙቀቱ የተነፋው ጀሪካን እንዳይፈነዳ አመሻሽ ላይ ክዳኑን ላላ ያደርጉለታል፤ "ይተንፍስ" ይላሉ። ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበር። የማሽላው እንጀራ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ የሱዳኑን ቀይ ሻይ፣ ከርከዴ ብናፈላም ያው ነው።

ስንዱን ራሷን ያዞራት ጀመር። ከንፈሯ ነጣ፤ የበላችው አልረጋላት አለ። "ወባ ነው" አለ ሙላት። እኛ አገር ሰው ቢደናቀፍም ወባ ነው! ጤና ጣቢያ ደሟ ታይቶ ወባ የለም ተባለ፤ ለማንኛውም ብለው ኪኒን ሰጧት። ወባ የሚነሳው ክረምቱ ሲወጣ፣ ውሃው ሲቋጥር ነው፤ በዚያ ደረቅ ሚያዝያ ትንኝ ከየት ትመጣለች ያለ ግን አልነበረም።

ስንዱ ራሷ ነች የተናገረችው። "የሚያመኝ ይሄ ጓዳ ነው። ደጅ ስወጣ ይተወኛል። በክረምቱ ደኅና አልነበርኩ? አውጣልኝ ሙላት።"

ሙላት ሳቀ። "እርጉዝ ያልሸተታት ምን አለ! ነገ ደግሞ አንተም ሸተትከኝ ልትይኝ ነው።"

አባባ ሊጠይቋት ሲመጡ እግራቸው ላይ ወደቀች። "አባባ፣ ይዘውኝ ይሂዱ። ይሄ ልጅ አይተርፍልኝም።"

የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት አባት ቤት ነው፤ ግን ወግ አለው፣ የሚኬደው ወሩ ሲገባ ነው። "ወርሽ ሳይገባ ብትመጪ፣ ከባሏ ተጣልታ ነው ይሉናል። ትንሽ ቻይ ልጄ" አሉ። ሰው ምን ይለናል! የመተማም የሸሕዲም ሰው እኮ ጭነት ሲጭንና ሲያወርድ የሚውል ነው፤ ማን ስንዱን ልብ ብሎ?

ወሯ አልገባም። ግንቦት አጋማሽ ላይ ምጡ ያለጊዜው መጣ፤ ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ጥፍር አውጥቶ ነበር።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ጣለ። ጀሪካኑ ተመልሶ ወደ ዳሱ ወጣ፤ የስንዱም ፊት ተመለሰ። "አላልኩም? ወባው ለቀቃት" አለ ሙላት።  ከዚያ ወዲህ አልፀነሰችም። እሷ ወደ ሸሕዲ ተመለሰች፣ እኔ እዚሁ ቀረሁ። እሱም ቆይቶ ሌላ አገባ፤ ወልዶ ከብዶ ይኖራል።

ብልቃጧን የሰቀለውን ልጅ አልረግመውም፤ ሥራው ደግ ሥራ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ብልቃጧ የምትለውን የተማሩ ሰዎች ተሰብስበው ያነቡላታል፣ ያምኗታል። እህቴ አፍ ነበራት፤ በአማርኛ ነበር የተናገረችው።

ትናንት ሸሕዲ ደውዬ ለስንዱ ነገርኳት።  

"መልሱን ሲያመጡ፣" አለችኝ፣ "መጥተሽ አባባ መቃብር ላይ ንገሪልኝ። እኔን አላመኑኝም።"

እሺ አልኳት።