መርጌታን አስቁመን የለካን ዕለት

ኅዳር ሚካኤል ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ መርጌታ አድማሱን ቤታቸው ሄጄ አልጋቸው ላይ እያጠብሁ ሳለ ድንገት እንዲህ አሉኝ...

«ልጄ፣ ዘንድሮ እኔ ከደጅ ነኝ።»

ዘመኑ የጣሊያን ነው። እኔ ባሕር ዳር፣ ጣሊያኖቹ ባቋቋሙት ሐኪም ቤት ቁስል አጣቢ ነበርሁ። መርጌታ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ባለ ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ድምፃቸው ከቅጽሩ አልፎ ታንኳ ቀዛፊ ያስቆማል ይባልላቸው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ከገበያ ሲመለሱ ጥይት ሆዳቸውን መታቸው። ጥይቱ ለማን እንደ ተተኮሰ ዛሬም አይታወቅም።

ሐኪሙ ነፍሳቸውን አተረፈ... ግን የተበሳውን አንጀት በግራ ጎናቸው በኩል አውጥቶ ከሆዳቸው ቆዳ ጋር ሰፋው። ከዚያ ወዲያ ዓይነ ምድራቸው የሚወጣው በዚያ ነው።

«በጨርቅ እሰረው፣ ሲሞላ ቀይረው» ብሎኝ በአስተርጓሚ፣ ወደ ሌላው በሽተኛ አለፈ። ጨርቁ ግን አይዝም። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ቆዳ በአንድ ወር ውስጥ ተላጠ። መርጌታ ከቤት መውጣት ተዉ፤ ተማሪዎቻቸውም ተበተኑ። የንስሐ አባታቸው ሲጠየቁ፣ «ቁስል ነው እንጂ ርኩሰት አይደለም። ካልፈሰሰ ገብተው ያገልግሉ፤ ከፈሰሰ ግን ከቅጽሩ ውጭ ይቁሙ» አሉ።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ቆመ... ይፈስሳል ወይስ አይፈስስም?

«ከደጅ ነኝ» ባሉኝ ዕለት ጨርቁን ትቼ በትንሽ ቅል ሞከርሁ። አፉን ቀዳዳው ላይ ገጥሜ በጠፍር ወገባቸው ላይ አሰርሁት። የቅሉ ጠርዝ ቆዳቸውን በላው።

ጎረቤታቸው እንድሪስ ታንኳ ሠሪ ነው። ሙስሊም ነው፤ ከመርጌታ ጋር ሲሰዳደቡ ያረጁ ወዳጆች ናቸው። ቅሉን አገላብጦ አየና ሳቀብኝ።

«ይኸን ለሰው ነው ያሰርኸው ለበቅሎ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ እንድሪስ?»

«ታንኳ የምሠራበት ደንገል አለ አይደል! ልቡ ከጥጥ ይለሰልሳል።»

ደንገሉን ልጦ ነጩን ልብ አወጣ። እንደ ቀለበት ጠመዘዝነው፣ በታጠበ አሮጌ ነጠላ ጠቀለልነው፣ ሰም ቀብተን የቅሉ አፍ ላይ አሰርነው። ሰሙ በገላቸው ሙቀት ለስልሶ ይይዛል። ቀዳዳውን በክር ለክቼ ገጠምሁት። ልክክ አለ። አንድ ጠብታ አልወጣም... ኮራሁ።

መርጌታ ተነሥተው ሦስት እርምጃ ተራመዱ። እስከ ጉልበታቸው ወረደ።

በማግስቱ ሌላ ቀለበት ሠራን። እሱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን መርጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ተወኝ ልጄ... አትድከም።»

እንድሪስ በሩ ላይ ቆሞ እጄ ላይ ያለውን ክር ያያል።

«ቆይ... ተኝተው ነው የምትለካቸው?»

«አዎ። ቁስለኛ የሚታጠበው ተኝቶ ነው።»

«ስለ ማጠብ ማን ጠየቀህ? እኛ ታንኳ ደረቅ መሬት ላይ አንለካም። ውሃ ላይ አውርደን ሰው እናቆምበታለን፤ የሚያዘነብልበት ያኔ ይታያል። መርጌታ ሚካኤልን የሚያነግሡት ተኝተው ነው?»

ከግድግዳው በኩል ሳቅ ተሰማ። ከስንት ወር በኋላ መርጌታ ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ እንድሪስ ግቢ ወስደን፣ ከተሰጣው ደንገል መካከል አስቆምናቸው። ሳየው ደነገጥሁ... ተኝተው ክብ የነበረው ቀዳዳ ሲቆሙ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል። ከሥሩም ተኝተው የማይታይ የቆዳ እጥፋት አለ። ሦስት ቀን ሙሉ የፈሰሰው በዚያ ነው። አቁሜ ለካሁ፣ አስጎንብሼ ለካሁ፣ አስቀምጬ ለካሁ። ቀለበቱን በእጥፋቱ በኩል አወፈርነው።

እንድሪስ የጣሊያን ባዶ ጣሳ አንሥቶ ይመታ ጀመር።

«በሉ መርጌታ፣ ይውረዱበት!»

«አንተ ደንገል ጠፋሪ፣ ዛሬ ደግሞ ወረብ ልታስተምረኝ ነው?» አሉ። ወዲያው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከቀዳዳው የሚወጣው ነፋስስ? መካከል ላይ ቢጮህብኝ?»

«ለነፋሱ ከበሮ አለዎት።»

መቋሚያቸውን ይዘው ከዝማሜው እስከ ጭብጨባው አንዱን ወረብ ጨረሱ። ጎንበስ ብዬ ዳሰስሁ። ደረቅ!

በሚካኤል ዕለት ጠዋት ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ እልል ሲል፣ መርጌታ ከመዘምራኑ መካከል ነበሩ፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰዋል። እኔ ከቅጽሩ ውስጥ፣ እንድሪስ ከቅጽሩ ውጭ ካለው ሾላ ሥር ቆመናል። ስለ ዜማው ብትጠይቁኝ አንድ ቃል አላስታውስም። የማየው ግራ ጎናቸውን ብቻ ነበር... ሲያዘነብሉ፣ ሲዘሉ፣ ሲያጎነብሱ።

ነጩ ልብስ ነጭ እንደ ሆነ ወጡ። ከበሩ ሳይርቁ ተጣሩ።

«እንድሪስ! ታንኳህ አላፈሰሰም!»

«የኔ ታንኳ ሁሉ ውሃ ያስገባል መርጌታ» አለ እንድሪስ። «በዕድሜዬ የማያፈስ የሠራሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም እርስዎ ደበቁብኝ።»

በሳምንቱ ሐኪሙ የዳነውን ቆዳ አይቶ ይህን የት እንደ ተማርሁ አስጠየቀኝ። «ከታንኳ ሠሪ» አልሁት። አላመነኝም። ቢሆንም አንጀቱ በጎኑ የወጣ በሽተኛ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ይልክ ጀመር።

እኔም ከዚያ ወዲህ ማንንም አስተኝቼ ለክቼ አላውቅም።