አያ ያርጋልና ቁርስ የሚፈልገው ኪኒን

በደባርቅ የከብት ገበያ አያ ያርጋልን የሚያታልል ሰው ገና አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ክርስትና አልተነሳም። አያ ያርጋል የበቅሎ ደላላ ነው። የበቅሎዋን ጥርስ አይቶ ሲጨርስ የሻጩንም ጥርስ ማየት ያምረዋል። አንድ ከጊች መንደር የመጣ ሻጭ በመጀመሪያው ዋጋ ያለ ክርክር እሺ ቢለው፣ ለፖሊስ ሊያስረክበው ምንም አልቀረውም።

በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ ደረቱን በመቀነት ጥፍር አድርገው ያሰሩት ያህል ጨመደደው። ወዲያው እግሮቹ ደነዘዙ፤ ከዚያ መቆም አቃተው። አያ ያርጋል መጀመሪያ የጠረጠረው ኮርቻውን ነው፤ ቀጥሎ በዝክር ላይ ሁለት ጊዜ «ደህና ነህ?» ያለውን አማቹን። ባለቤቱ ስንቄ ግን ጥርጣሬው አገሩን ሳያዳርስ መኪና ላይ አሳፍራ ጎንደር አደረሰችው።

ሐኪሟ ለምርመራ ከጀርባው ውሃ ቀዳች። እሱም ለማን እንደምትሸጠው እንድታጣራ ስንቄን አዘዛት። ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳችው፤ በደሙ ውስጥ በሽታን የሚወጉ ወታደሮች አሉ፣ እነሱን «በቃችሁ» የሚሉም አሉ። የሚያስታግሡት ሲያንሱ ወታደሮቹ ዞረው የገዛ ህብለ ሰረሰሩን ያቆስላሉ። አያ ያርጋል ማን እንደላካቸው ጠየቀ። ኪኒን ሰጠችው፤ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር እንዲውጠው፣ እሷ እያየች ሳትቀንስለትም በራሱ እንዳያቆም አስጠነቀቀችው።

በኪኒኑ ተነሳ፤ በምርኩዝ ደጅ ወጣ። ይሁንና ዐቢይ ጾም ገባ። አያ ያርጋል እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ነው፣ ኪኒኑ ደግሞ ያስርባል። የጎረቤቱን የገብስ ክምር ሲያይ እንደ በቅሎ አፉ ምራቅ ሞላ። ነገሩ ገባው፤ ይህ መድኃኒት ሰው ጾም እንዲያስገድፍ ተብሎ የተሠራ ነው። ጣጥሎ ተወው።

ብዙም አልቆየም፣ አንድ ጠዋት ከአልጋው ሊወርድ ሲል እግሩ ከዳውና ወደቀ። ስንቄ ስልክ ደወለች። ሐኪሟ ኪኒኑን ዛሬውኑ ጀምሮ ይምጣ፣ ቁስሉ ከጸና ላይቆም ይችላል አለች። እሱ የጠየቀው ሐኪሟ ለምን እንደቸኮለች ነው።

ስንቄ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ አባ ኪዳነ ማርያም ሮጠች። አባ ለታመመ ሰው ቁርሱ ተፈቅዷል አሏት። «እንዲህ በቀላሉ ከፈቀዱለት እርስዎንም ይጠረጥራል» ብላ ተቃራኒውን እንዲሉት ለመነቻቸው። አባ መጥተው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«ቁርስ የሚባል ነገር የለም። ኪኒኑ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቅ።»

አያ ያርጋል በክርኑ ቀና አለ። «ኪኒኑ ቢጠብቅ ወታደሮቹ ይጠብቃሉ?»

«የምን ወታደር ነው የምታወራው?»

የሐኪሟን ቃል አንድ ሳያስቀር፣ እንዲያውም ጨማምሮ ዘረገፈው። የሚዋጋም የሚያስታግሥም እኩል እንደሚያስፈልግ፣ እሱ ዘንድ አስታጋሹ እንዳነሰ፣ አስታጋሹ እስኪበረታ ኪኒኑ ቦታውን ይዞ እንደሚቆይ። በቅሎ የሚሸጥ ይመስል እጁ ይወራጫል።

አባም ጨዋታው ጣማቸው መሰለኝ አለፍ አሉ። «ሐኪሟ ዋሽታህስ ቢሆን?»

ስንቄ ይብቃዎት ብላ አባን በዓይኗ ጠቀሰች። ይህች የእሱ የራሱ ጥያቄ ናት፤ ከያዛት አይለቃትም። አያ ያርጋል ብርድ ልብሱን ገለጠ። ጭኑን ቆነጠጠው፤ አልተሰማውም። ደግሞ ቆነጠጠው።

«ስውጠው ቆምኩ፤ ስተወው ወደቅሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ይህንን ማንም አልነገረኝም፣ አባ። ያየሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ክርክሩ በምግቡ ላይ ሆነ። አባ ጥቂት አንገራገሩና የጾም እህል ብቻ ከሆነ ይሁን ብለው ተረቱ። ስንቄ በሶ በጠበጠች፤ ኪኒኑን ዋጠ፤ በማግስቱም ጎንደር ወሰደችው።

ፋሲካ ሳይደርስ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰች። ስንቄ እልል ልትል ስትል በእጁ ከለከላት። ማንም ከብርድ ልብሱ ሥር እንዳልነካት ለማረጋገጥ ሰዉን ሁሉ ከአልጋው አራቀና፣ ጣቲቱን ዳግመኛ እንድትንቀሳቀስ አዘዛት።