እራታቸውን ይብሉ ብዬ ነው

ጂንካ ውስጥ ፍሪጅ የተበላሸበት ሰው ኤርጎ ሶርሳ ዘንድ ይሄዳል። ሱቁ ከድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ዳር፣ ከሶፊያን የለስላሳ ማከፋፈያ አጠገብ ናት። በሯ ላይ ጀርባቸው የተከፈተ ፍሪጆች ይቆማሉ፤ ውስጥ አንድ ጣሳ የሳሙና አረፋ አይጠፋም። ኤርጎ አረፋውን በቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ይቀባና ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። አረፋው ካበጠ ጋዙ በዚያ እያመለጠ ነው።

አላፊ አግዳሚው «ኢንጂነር፣ እንዴት አደርክ?» ይለዋል። እሱም ቀና ሳይል «ኤርጎ በሉኝ» ይላል። ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

ሶፊያን ብቻ አይለቀውም። «ኤርጎ፣ ፍሪጄ ዛሬም ሚሪንዳ እየቀቀለ ነው። ያንን ፈረንጅ አገር የሠራህበትን መድፍ አምጣና አንድ ጊዜ ተኩስበት።»

«መድፍ አይደለም አልኩህ።»

«ታዲያ ምንድነው? ሦስት ዓመት ጠየቅኩህ፣ ሦስት ዓመት ዝም አልከኝ። ሚስጥር ከሆነ ንገረኝ፣ ለመኪያ ብቻ ነው የምነግራት።»

መኪያ ሚስቱ ናት። ለመኪያ የተነገረ ነገር ደግሞ ሳይመሽ አልዱባ ገበያ ይደርሳል። ኤርጎ ፈገግ ይልና ወደ አረፋው ይመለሳል።

ከተማው ስለ እሱ የሚያውቀው ይህን ነው፦ አውሮፓ ውስጥ አንድ ትልቅ የምርምር ማሽን ሲታደስ ከብዙ አገር ከተሰበሰቡት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። እዚያው እንዲቀር ቢለምኑት እንቢ ብሎ አገሩን መርጦ መጣ። በቤተ ክርስቲያን ለወጣቶች ምሳሌ ተደርጎ ተጠርቷል። ያን እሑድ ኤርጎ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያይ ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። ኤርጎ የመጣው አፍሮ ነው።

የተወለደው ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ ከጂንካ በላይ ካሉት የአሪ መንደሮች በአንዱ ነው። ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ተስፋ ነበር። ተስፋ በጭነት መኪና ረዳትነት እየሠራ ኤርጎን ከተማ አክስታቸው ቤት አስቀምጦ ያስተምረው ነበር። አንድ ቀን መኪናው ከቀይ አፈር ከተማ ወዲህ ተገለበጠና ተስፋ እዚያው ሞተ። ኤርጎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። አንድም ሰው ግን አልነገረውም። አክስቱ ትኩስ ቆጮ በጎመን አቀረበችለት፤ ጎረቤቶች ስለ ትምህርቱ ጠየቁት፤ አንዱማ አስቆት ነበር። ጠግቦ ተኛ። ሲነጋጋ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመው ነበር።

መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። በምግብ ላይ አይነገርም፤ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ይበላል፣ ያድራል፣ ማለዳ ከሰው ጋር ይነገራል። ኤርጎ ያንን በልቡ ያዘው። «ያችን አንድ ሌሊት ሰጡኝ» ይል ነበር ለራሱ። «ከዚያ በኋላ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።»

በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተማሩት ጋሽ ደምሰው ናቸው። ከጎጃም ለሁለት ዓመት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ የጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ከከተማዋ መሀል ያለ ሣር ስለነበር ላም ይግጥበት፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ ጡሩንባው ይጮህና ከብቱም ልጁም ይባረራል። ጋሽ ደምሰው ቅንጣቶችን እያስሮጡ የሚያጋጩትን ማሽን ሲያስረዱ በመስኮት ወደ ሜዳው ይጠቁሙ ነበር። «ሜዳው ካልጸዳ አውሮፕላን አያርፍም። ይሄ ማሽንም እንደዚያ ነው። ረጅም ቧንቧ ነው፤ ውስጡ አየር እንኳ መኖር የለበትም። አንዲት የአየር ቅንጣት ለእሱ መንገድ ላይ የቆመች ላም ናት።»

ኤርጎ ማቀዝቀዣ ጥገና ተማረ። ከዚያ አዲስ አበባ በአንድ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆነ። ጀርመን አገር፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ እንዲህ ዓይነት ማሽን በብዙ አገሮች ትብብር ሊታደስ ሆኖ ከአፍሪካ ወጣት ቴክኒሻኖች ሲፈለጉ፣ ኤርጎን የገፋፉት ጋሽ ደምሰው ናቸው። ሄደ። ሥራው የሚያውቀው ሥራ ነበር፤ ቀዳዳ ፍለጋ። አሮጌው ቧንቧ ወጥቶ አዲስ ሲገጠም በየመጋጠሚያው ሂሊየም የሚባለውን ጋዝ ይነፋል፤ ጋዙ ሾልኮ ወደ ውስጥ ከገባ መለኪያው ይነሳል። አዲሱ ቧንቧ ከውስጥ አየርን የሚውጥ ስስ ልባስ ተቀብቷል። ልባሱ የሚነቃው ቧንቧው ሲሞቅ ነው። ቀዳዳ እያለ ቢሞቅ ግን የገባውን አየር ውጦ ይሞታል። ያንን ልባስ የሦስት አገር ሰዎች አንድ ዓመት ደክመውበታል።

የክፍሉ ኃላፊ ሄልጋ የሚባሉ ጡረታቸው የቀረበ ሴት ነበሩ። ኤርጎ ስማቸውን ብቻ መጥራት ስለከበደው «ማዘር» ይላቸው ነበር፤ ለመዱት፣ ወደዱትም።

ለምን አፍሮ እንደመጣ ኤርጎ ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ እስከ ዘንድሮ ሚያዝያ።

በሚያዝያ አንድ ከሰዓት ጋሽ ደምሰው አንዲት ልጅ ይዘው ሱቁ መጡ። ናርዶስ ትባላለች፤ የእርሻ ሠራተኛዋ የወይዘሮ ኤልሳቤጥ ልጅ፣ እዚሁ ጂንካ በፊዚክስ የተመረቀች። ይህን ታሪክ የነገረችኝም እሷ ናት።

«ኤርጎ፣ ልጅቷን አየሃት?» አሉ ጋሽ ደምሰው፣ ሳይቀመጡ። «ያ ያንተ ማሽን አሁንም ሰው እየፈለገ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ተጀምሯል። ማመልከቻዋ ገብቷል። የቀራት የሚያውቃት ሰው ቃል ነው። ለአለቃህ ለዚያች ሴትዮ ደውልና አንዲት ነገር በልላት።»

ኤርጎ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ አስቀመጠ። «እኔ ባልደውል ይሻላታል።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የኔ ስም አይጠቅማትም፣ ጋሼ።»

«ትሕትናህን ለእሑድ አቆየው። በዚህ ሳምንት ካልተደወለ ቦታው ለሌላ ነው።»

ናርዶስ ፍሪጅ ተደግፋ ቆማ ነበር። እንደነገረችኝ፣ ኤርጎ ፊቷን አላየም፤ ጫማዋን ነው ያየው። ከዚያ ሁለት ባዶ ሣጥን አስጠግቶ አስቀመጣቸውና እሱ ቆሞ ነገራቸው።

የመጨረሻው መጋጠሚያ የተዘጋ ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ ከብዙ አገር የመጡት ሁሉ እራት ተጋብዘው ነበር። ኤርጎ አንድ የመጨረሻ ዙር ልፈትሽ ብሎ ቀረ። አንዱ መጋጠሚያ ላይ መለኪያው ተነሳ። ጋዙን ደግሞ ነፋ፤ ደግሞ ተነሳ። ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ግን ቀዳዳ ናት።

ወደ እራቱ አዳራሽ ሄደ። ሄልጋ ሹካቸውን እንደያዙ ሲያዩት ፊታቸው በራ። «ይሄው ልጄ!» ብለው ለእንግዶቹ አስተዋወቁት። አሥር ዓመት የለፉበት ሥራ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ያን ጊዜ ኤርጎ አክስቱ ያቀረበችለት ቆጮ ትዝ አለው።

«ሁሉ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ደህና ነው፣ ማዘር» አለ።

እኛ አገር «ደህና ነህ?» የተባለ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ሬሳ ቢኖርም «ደህና» ይላል፤ ነገሩ የሚመጣው ከሰላምታው በኋላ ነው። ሄልጋ ግን ይህን አያውቁም። የጠየቁት ስለ ቧንቧው ነው፣ መልሱንም ስለ ቧንቧው ወሰዱት። ስልካቸውን አንስተው አንድ ነገር ተናገሩና እራታቸውን ቀጠሉ። ማሞቁ እንዲጀመር ማዘዛቸው መሆኑን ኤርጎ አላወቀም። ጧት የሚጀመር መስሎት ነበር። ጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ህንዳዊ መሐንዲስ ነበሩ፤ ወደ እሳቸው ሄዶ «ነገ በማለዳ ማዘር ሄልጋ ዘንድ አብረውኝ ይሂዱ» አላቸው። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም። ሽማግሌ አገኘሁ ብሎ ልቡ ቀለል አለው።

ቧንቧው እየሞቀ አደረ። መጋጠሚያው ላላ፣ ቀዳዳዋ ሰፋች። ኤርጎ በማለዳ ሽማግሌውን አስከትሎ ሲደርስ ሰው ሁሉ ማሽኑ ጋ ቆሞ ነበር። ልባሱ ሞቷል።

«ቀዳዳውን ማታ አይተኸው ነበር?» አሉት ሄልጋ።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እራትዎን እየበሉ ነበር።»

ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልጮኸም። ሽማግሌው ህንዳዊ ብቻ ለምን እንደተጠሩ ገባቸውና አንገታቸውን ደፉ። ኤርጎ በሳምንቱ ለማንም ሳይናገር ተሳፈረ። ሄልጋ ደጋግመው ደወሉለት፤ አላነሳም። በኋላም ቁጥሩን ቀየረ።

ሲጨርስ ጋሽ ደምሰው መሬት መሬቱን አዩ። በየሻይ ቤቱ፣ በየክፍሉ ሲናገሩለት የኖሩትን እያሰቡ እንደነበር ከፊታቸው ይታይ ነበር፤ ጆሯቸው ቀልቷል።

«ለኔስ?» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ዓመት። ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንድ ቀን ልነግርዎ ቤትዎ መጣሁ፤ ምሳ ላይ ነበሩ። ሌላ ቀን መንገድ ላይ አገኘሁዎት። ማለዳውን እየጠበቅኩ ነበር፣ ጋሼ።»

ጋሽ ደምሰው ተነሱ። «እኔም እንደ ሴትዮዋ ከረፈደ ነው የምሰማው እንግዲህ» ብለው ወጡ፤ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉ። ያች አነጋገር ኤርጎን ከሁሉ በላይ ሳትጎዳው አልቀረችም። ከኋላቸው ቆሞ አያቸው፤ አልጠራቸውም።

ናርዶስ አልሄደችም። «ጋሽ ኤርጎ» አለች፣ «አሁን ቀዳዳዬ እርስዎ ነዎት። ዝም ካሉ የምወድቀው እኔ ነኝ።» ስልኳን ዘረጋችለት።

ቁጥሩን አልረሳውም ነበር። ሲጠራ ቆየና ተነሳ። ከወዲያ የሳህንና የማንኪያ ድምፅ ይሰማል።

«ማዘር፣ ኤርጎ ነኝ።»

«ኤርጎ» አሉ ሄልጋ።

«ምግብ ላይ ነዎት?»

«አዎ፣ ምሳ እየበላሁ ነው።»

ናርዶስ እንዳለችው፣ ያኔ እጁ ስልኩን ሊዘጋ ትንሽ ቀረው። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጀመረ፤ እንደ ሌባ መሸሹን፣ ለአገሩ ሰው የተከበረ መስሎ መኖሩን፣ አሁን ከዚሁ ከተማ ከእሱ የምትሻል ልጅ መኖሯን፣ የእሱን ጥፋት በእሷ እንዳያስቡባት።

ሄልጋ እስኪጨርስ አላቋረጡትም። «ቧንቧው ተጠርጎ እንደገና ተቀባ» አሉ። «አሁን ይሠራል። አንድ ዓመት ፈጀብን። አንተ ግን ተቆጥቼ ሳልጨርስ ሄድክ።»

«አዎ፣ ማዘር።»

«ልጅቷስ? እሷም እራቴን ታስበላኛለች?»

ፌዝ ይሁን ቁጣ አልለየለትም። «አይ» አለ። «እሷ ከእንቅልፍዎ ትቀሰቅስዎታለች።»

«እንግዲያው እሷን አቅርባት» አሉ፤ ከእሱ ጋር ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሊናገራቸው የፈለገው ነገር ካለም እዚያው ቀረ።

ናርዶስ ተጠይቃ አለፈች። መሄጃዋ ሲደርስ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ቤት ዘመድና ጎረቤት ተሰበሰበ። ኤርጎ አልመጣም ብሎ ነበር፤ ናርዶስ ራሷ ሄዳ አመጣችው። ጋሽ ደምሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቁን አልረገጡም፤ እዚያ ግን ነበሩ፣ ከማዶ ተቀምጠው። ወጡ ቀረበ፣ ጸሎት ተደረገ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉርሻቸውን ይዘው «ይህች ልጅ የኢንጂነራችንን መንገድ ነው የተከተለችው» አሉ። «እዚያ እንዲቀር ሲለምኑት አገሬን ብሎ የመጣ ልጅ።»

«አሜን» አለ ቤቱ።

ኤርጎ የያዘውን ሳህን መሬት አስቀመጠና ተነሳ።

«እሱ ልክ አይደለም» አለ። «እንድቀር የለመነኝ የለም። ሥራ አበላሽቼ፣ አፍሬ ነው የመጣሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሉ ሰምቼ ዝም አልኩ።»

እጆች ሳህን ላይ እንዳሉ ቀሩ። ሶፊያን ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፈተና ተወው። ሰዎቹ እሱን ላለማየት አንዱ ምድጃውን፣ አንዱ በሩን አየ፤ ሲያመሰግኑት የኖሩትም ያፈሩ ይመስላሉ። ጋሽ ደምሰው ብቻ ቀና ብለው ያዩት ነበር።

ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ቶሎ ተነስተው ክንዱን ያዙት። «ኤርጎዬ» አሉ በዝግታ፣ «ሰው ምግብ ላይ ነው እኮ። መጀመሪያ ብላ። ነገሩ ለጧት ይደርሳል።»

ኤርጎ የያዙትን እጃቸውን አየ። ከዚያ ናርዶስን ዞር ብሎ አያት።

አልተቀመጠም። ከመጋጠሚያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቆሞ ነገራቸው፤ ወጡም በየሳህኑ ቀዘቀዘ።