ዲያቆኑ ኳስ ያቆመ ጊዜ

በዚያን ጊዜ ዳንግላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ስትንጣጣ ትሰነብትና፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሸፍኛት ወደ ኳስ ሜዳ እሄዳለሁ። ሜዳው ከብት የሚግጥበት መስክ ነው፤ ጎሉም የባሕር ዛፍ አጣና። ጋሪ ነጂዎቹ ጋሪያቸውን በመስመሩ ዳር ደርድረው ላዩ ላይ ይቆማሉ፤ እኛም ተለማምጠን አብረናቸው እንወጣለን።

ሰው የሚሰበሰበው አንድ ተጫዋች ለማየት ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ደብር የመጣ፣ የቄስ ልጅ ነው። ጠዋት ቀድሶ ከሰዓት በኋላ ስለሚጫወት ሁላችንም ዲያቆኑ እንለዋለን። የሚሮጠው በቀኝ መስመር ነበር። ኳሷን ይዞ ትንሽ ቆም ይላል፤ ተከላካዩ ደረስኩበት ሲል እሱ አልፎ ሄዷል። ጋሪ ነጂዎቹ የሚያደንቁት ፈረስ እንጂ ሰው አልነበረም፤ ኳስ እሱ ጋ ስትደርስ ግን ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አንዲት ጠላ ሻጭ እናትም ነበሩ። የጨዋታውን ሕግ አያውቁም፤ ዲያቆኑ ሲነሣ ግን አብረው የሚሮጡ ይመስል ብድግ ብለው መቀነታቸውን ያጠብቃሉ።

ከፋሲካ በኋላ ወሬ መጣ። ዲያቆኑ ሊያገባ ነው፤ ካገባም ወዲያው ሊቀስስ ነው፤ ኳስ በቃው ተባለ። መጀመሪያ ያመነ አልነበረም። ኋላ ግን ለሁለት እሁድ ሳይመጣ ሲቀር የከተማው ሰው ሐዘን እንደገባበት ቤት ሆነ። ጠላ ቤት ውስጥ አንዱ ይናደዳል፣ አንዱ እግዜርን መቀማት ነው ብሎ ይገሥጸዋል። ጠላ ሻጯ እናት ቀና ብለው ማንንም ሳያዩ ይቀዳሉ።

ከመስቀል በኋላ ከእንጅባራ ጋር ግጥሚያ ስለነበረን፣ ክህነቱን እስከዚያ እንዲያቆይልን አባቱን እንለምን ተባለ። እኔ፣ በረኛውና አንድ ሸምገል ያለ ጋሪ ነጂ ተመረጥን። ልጅ ለጋብቻ ልንጠይቅ የምንሄድ ይመስል ጋቢያችንን ለብሰን ሄድን።

አባትየው አርጅተዋል፤ በመቋሚያ ነው የሚነሡት። አብልተው አጠጡንና ጉዳያችንን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ከልጃቸው ጋር በአገውኛ ጥቂት ተነጋገሩ። እኔ አገውኛ አልሰማም፤ የልጁን ፊት ብቻ አየሁ። አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«ልጆቼ» አሉን በመጨረሻ፣ «ቅዳሴ በአንድ ቄስ አይሆንም። ሁለተኛው ቄስ በዐቢይ ጾም ካረፉ ወዲህ ደብሩ ተዘግቶ ከርሟል። እናንተ ሌላ ሯጭ ታገኙ ይሆናል፤ እኔ ማንን ላምጣ?»

ጋሪ ነጂው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እኛም ተከተልን።

ዲያቆኑ እስከ ወንዙ ሸኘን። ሌሎቹ ቀደም ሲሉ፣ አይቆጭህም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ይቆጨኛል እንጂ» አለኝ። «እናቴ በእንቅልፍህ እግርህ ይራገጣል ትለኛለች። ግን አባቴ ብቻውን በተዘጋ በር ላይ ቆሞ ሲጸልይ አይቼዋለሁ።»

እኔ ወንዙን ተሻገርኩ፤ እሱ ወደ ደብሩ ተመለሰ።

ከእንጅባራ ጋር ስንገጥም አሸነፍን። ኳሷ ጭቃ ላይ ተንሸራታ፣ በግርግር የገባች አንዲት ጎል ነበረች። በእሱ ቦታ የገባው ወጣትም ደካማ አልነበረም። ሆኖም ኳስ ወደ ቀኝ ባለፈች ቁጥር ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርና መልሶ ወሬውን ይቀጥላል። ጠላ ሻጯ እናት ዕረፍት ሳይደርስ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኛም እንደ ልማዳችን በጭነት መኪና ላይ እየዘፈንን ከተማውን መዞር ሲገባን፣ በየመንገዳችን ተበተንን።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እሁድ ሲመጣ እግሬ ወደ ሜዳው ይወስደኝ ነበር፤ ግን የማየው ከፊቴ ያለውን ጨዋታ አልነበረም። የዚያን ሰው መቆም፣ ያቺን ከመሮጡ በፊት ያለችውን ዝምታ እጠብቃለሁ። አሁን በስተርጅና እንኳ ትናፍቀኛለች።

አንድ ጊዜ ልምምድ እያየን ሳለን፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠመ ቄስ በበቅሎ መጣ። ከተማ ለቅሶ ደርሶ መመለሱ ነበር። ጨዋታው ቆመ፤ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ እየመጡ መስቀል ተሳለሙ። እኔም ተሳለምኩ። አንተ ስለው የነበረውን ሰው «እንደምን ሰነበቱ፣ መምሬ» ስለው አፌ ተሳሰረ። እሱም ገብቶት ፈገግ አለ።

ጨዋታው ሲቀጥል ከበቅሎው ሳይወርድ ጥቂት ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣

«ያ በቀኝ ያለው ልጅ ኳሷን ቶሎ ይለቃል» አለኝ። «ፈጣን ነው። ትንሽ ይያዛት በለው።»

በቅሎውን ነካ አድርጎ ሄደ። እኔም እንደታዘዝኩት ለልጁ ነገርኩት።