ሁለት ፌርማታ ሙሉ ዝም አልን

ስለዚያ ባቡር እንድናገር በተጠየቅሁ ቁጥር ይደክመኛል። ከእንጅባራ ሰው መካከል ከመሬት በታች በሚሄድ ባቡር የተሳፈርኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ስለ አደጋ በተነሳ ቁጥር መድረክ ላይ የምገተረው እኔው ነኝ።

ነገሩ አጭር ነው። ውጭ አገር ለትምህርት ሳለሁ አንድ ጠዋት የተሳፈርኩበት ባቡር የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ሁለት ፌርማታ ሙሉ ሸተተን። ተያየን፣ አንገታችንን ደፋን። በሩ አጠገብ የአደጋ መጥሪያ ነበር፤ ከእኔ አንድ ክንድ አይርቅም። «ምን አገባኝ፣ የሚያውቅ ይንካው» አልኩ። ዋሻው መሀል ባቡሩ ቆመ፣ መብራት ጠፋ፣ ጭሱ መጣ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ጭስ ግን ማንንም አያስፈቅድም። እኔ በመስኮት ወጣሁ። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ አልወጣችም። ስሟን እንኳ አላውቅም።

የሸተታችሁን ተናገሩ እላቸዋለሁ ተማሪዎቹን። ያጨበጭባሉ። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄም አብራ ታጨበጭባለች።

ባለፈው ሳምንት ዘመድ ሞቶብን ከልጄ ጋር ለቀብር ወደ ዳንግላ ሄድን። ሚኒባሱ ጣራው ላይ ከሰል ጭኗል፣ ውስጡ ጢም ብሏል። ለእኔ ወንበር ለቀቁልኝ፤ ልጄ መተላለፊያው ላይ በርጩማ ተሰጣት። አዲስ ቅዳምን አልፈን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ሸተተ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሾፌር፣ እስቲ አቁምና ፍሬኑን እየው» አልኩ።

«ይቺ መኪና ሁልጊዜም ትሸታለች» አለ፣ ዞር ሳይል።

ፊት ለፊቴ ነጠላ ያዘቀዘቁ እናት ነበሩ። «መምህር፣ በሞቴ ይተውት! ቀብሩ ያመልጠናል እኮ» አሉኝ። ሌላውም ተቀበላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ቀብሩ እንዲያመልጠኝ አልፈለግሁም።

ወዲያው ረዳቱ ጮኸ፦ «ትራፊክ! ትርፍ የሆናችሁ ዝቅ በሉ!» በርጩማ ላይ ያሉት ሁሉ ጎንበስ አሉ። ትራፊኩ ልጄን ቢያያት ኖሮ መኪናው ይቆም ነበር። እሷም ቀጥ ብላ እኔን ትጠብቃለች። ሰው ሁሉ አፈጠጠብን። አናቷን ይዤ ወደ ታች ተጫንኳት።

በሰላም ደረስን፤ ቀብሩም አላመለጠንም። እኔን ያሳፈረኝ ይኼው በሰላም መድረሳችን ነው። ልጄ ዝም ማለት እንደሚያዋጣ ከእኔ ተማረች።