ከዝርዝሩ የጎደለችው ቤት

ከሁሉ በፊት አንድ በደል ይመዝገብልኝ። የልጅ ልጄ ሶስና የምትሠራበት ጋዜጣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው የሚጎበኙና ጥሩ የሚበላባቸው ያላቸውን ቦታዎች ዘርዝሮ አውጥቷል። ዝርዝሩን ያዘጋጀችው ራሷ ሶስና ናት። ፎቅ ያለው ሆቴል አለበት፣ መዋኛ ያለው አለበት። ሰበታ ላይ ዓመቱን ሙሉ እንደ ረመዳን የአጃ ሹርባ የምትሠራው ሴት ግን የለችም። ዘመድ ጠይቄ ከተጂ ወደ አዲስ አበባ በተመለስሁ ቁጥር መንገዴ ላይ ሰበታ ወርጄ የምጠጣው ሹርባ ነው። ሶስናም አብራኝ ጠጥታለች፤ ሳህኑን በጣቷ ጠርጋለች።

«ለምን ተውሻት? መቀመጫዋ ዱካ ስለሆነ ነው?» አልኳት።

«እማዬ፣ ሄደሽ እሷኑ ጠይቂያት» አለችኝ።

ሁለት ቀን ተቆጣኋት። በሦስተኛው ተነሣሁ። እግረ መንገዴን ዝርዝሩ የዘለላቸውን ሌሎች ቤቶች አያለሁ፤ የሰበታዋን ደግሞ ከነመንገዱ እጽፍላችኋለሁ።

ንጋት 12 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ሠላሳ ዓመት የኖርኩባት ከተማ ገና አልነቃችም። የላዳው ባለቤት ኦቦ ገመቹ ከበራችን ቆመው መስታወቱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሰካሉ።

«አካም ቡልተኒ፣ እማማ!»

«ነጋ። ምንድን ነው ቅጠሉ? ሠርግ አለ?»

«ለተቃውሞ የወጡት ልጆች መንገድ ሲዘጉ ቅጠል ያለውን ያሳልፋሉ። ወታደሮቹ ጋ ስንደርስ እነቅለዋለሁ።»

«ታዲያ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?»

«የላዳዬ።»

2 ሰዓት፣ ሱሉልታ

እንጦጦን ስንወጣ ላዳው አቃሰተ፤ ልምምድ ላይ የነበሩ ሯጮች በእግራቸው አለፉን። አንዷ እጇን አውለበለበችልን።

ሱሉልታ ጭጋግ ውስጥ ነች። ሜዳው አረንጓዴ፣ ጋሪው ብዙ፣ አየሩ የታጨደ ሣር ይሸታል። ከአንድ የድርቆሽ ክምር ጀርባ ሰሌዳ የሌለው እርጎ ቤት አገኘን። የምንቀመጠውም የታሰረ ድርቆሽ ላይ ነው። እርጎው በወይራ በታጠነ ጮጮ ይመጣል፤ ወፍራም፣ ቀዝቃዛ፣ አሥራ አምስት ብር። እንዲህ ያለ እርጎ ከተማ ውስጥ ስንት ዓመት ኖሬ ጠጥቼ አላውቅም።

«ትናንት መንገድ ተዘግቶ ከተማ ያልደረሰው ወተት ነው» አለን ባለቤቱ። «የእነሱ ጾም የእናንተ ፋሲካ ሆነ።»

5 ሰዓት፣ ቡራዩ

ከመግቢያው በፊት ቅጠሉ ተነቀለ። አንድ ልጅ እግር ወታደር አንገቱን በመስኮት አስገባ።

«ወዴት ነው፣ እናቴ?»

«ሰበታ፣ ሹርባ ልጠጣ።»

«በዚህ ጊዜ?»

«ሆድ ጊዜ ያውቃል?»

ሳቁን ዋጠና አሳለፈን።

መጀመሪያ ወደ ገፈርሳ ግድብ ሄድን። ውኃው እንደ ሰሃን ተዘርግቷል፤ ዝይዎቹ የሰው ነገር አልነካቸውም። ቁጭ ብዬ ባያቸው ብውል አልጠግብም። ምሳ የበላነው ከወላይታ የመጡ ባልና ሚስት ቤት ነው። እሱ ድንጋይ ይጠርባል፣ እሷ ቆጮ ከጎመን ጋር ታቀርባለች። ዳጣ የሚሉት ማባያቸው ከምላስ እስከ ጆሮ ያቃጥላል። እንባዬን እየጠረግሁ ድገሚኝ አልኳት።

ከአጥራቸው ማዶ በተደረደሩት ቤቶች ግድግዳ ላይ ቀይ ቁጥር ተጽፏል።

«ይሄስ?»

«አዲስ አበባን ወደዚህ የሚያሰፋው የማስተር ፕላኑ ነው» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ቁጥር የተጻፈበት ይፈርሳል ይባላል።»

ጎመኑ አፌ ውስጥ ቀዘቀዘ።

8 ሰዓት፣ ሰበታ

ቅጠሉ ተመልሶ ተሰክቷል። የፋብሪካ ሠራተኞች ፈረቃ ለውጠው ይወጣሉ፤ ግማሹ ወደ ሹርባዋ ሴት ቤት ነው። ዱካ ሲለቀቅልኝ ተቀመጥሁ። አጃው ሟሙቷል፣ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ይለቃል፣ ሎሚው መጨረሻ ላይ ይመጣል። የምስር ሳምቡሳዋ ደግሞ ሲነከስ ድምፅ አለው። ሳህኔን ጨርሼ ነው ነገሬን ያነሣሁት።

«ሶስና ከዝርዝሩ አስቀርታሻለች። በደሉን ለጋዜጣ እጽፈዋለሁ።»

ጭልፋዋን አስቀመጠች። «እሷ አይደለችም፣ እማማ። እኔ ነኝ አታስገቢኝ ብዬ የለመንኳት።»

«ሥራዋ ሲመሰገን የምትጠላ ሴት አለች?»

«ቡራዩ እህት አለችኝ። ወረቀት የያዙ ልጆች መጡባት። ቤትሽ ያምራል አሏት፣ ስሟን ጻፉ፣ ፎቶ አነሡ። በወሩ ግድግዳዋ ላይ ቀይ ቁጥር ወጣ። እነሱ ይሁኑ ሌላ፣ አላህ ያውቃል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ መግባት እፈራለሁ።»

ደብተሬ ጉልበቴ ላይ እንደተከፈተ ነበር። እዚህ ላይ የቤቷን መንገድ፣ ከየት ታጥፎ የት እንደሚደረስ፣ በሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ሰርዤዋለሁ። ሶስና፣ ይቅርታሽን እዚሁ ጋዜጣሽ ላይ ውሰጂ።

ግን አልዋጥልሽ አለኝ። «ይህን የመሰለ ሙያ ሳይነገር ይቅር? ያም እኮ በደል ነው!»

የተሰለፉትን ሠራተኞች አየች። ከዚያ ሳህኔን አንሥታ ሳልጠይቃት እየሞላች መለሰችልኝ።

«ሹርባው ጥሩ ነው ብለው ይጻፉ። የት ነው የሚል ሰበታ ወርዶ ሰው ይጠይቅ። ወረቀት ለመጣው ሁሉ ያሳያል፣ እማማ፤ ሰው ግን ጠያቂውን አይቶ ነው የሚያሳየው።»